መነጽር ለምናደርግ ሰዎች ባይኖኩላር እንዴት ነው ሚመረጠው? ክቡ ሁሌ ጠቦ ነው ሚታየኝ

ባለመነጽሯ
ሰላም ለዚህ ቤት። እስከዛሬ ዝም ብዬ ነው ማነበው፣ ዛሬ ግን ግራ ስለገባኝ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ መነጽር አደርጋለሁ፣ ሩቅ አይታየኝም፣ ቁጥሬ በሁለቱም ዓይን ማይነስ 4 አካባቢ ነው፣ በግራው ደግሞ ትንሽ አስቲግማቲዝም አለ። በቅርቡ ወፍ ማየት ጀመርኩና ልቤን ወሰደው፣ እውነቴን ነው ጠዋት ጠዋት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። የሥራ ባልደረባዬ 10×25 ሚል ጽሑፍ ያለበት ኪስ ውስጥ ምትገባ ትንሽዬ ባይኖኩላር አዋሰኝ፣ እሱ ሲያይበት ሰፊ ክብ ነው ሚታየኝ ይላል፣ እኔ ጋ ሲመጣ ግን በቧንቧ አጮልቆ እንደማየት ነው፣ መሀል ላይ ጠባብ ክብ ዙሪያው ድፍን ጥቁር፣ ወፏን ፈልጌ ሳላገኛት በርራ ትሄዳለች። መነጽሬን አውልቄ ሳይ ክቡ ይሰፋልኛል፣ ግን ደግሞ ባይኖኩላሩን ከዓይኔ ሳነሳ ዛፉ ራሱ ጭጋግ ነው፣ የቱ ቅርንጫፍ ላይ እንደነበረች ይጠፋብኛል፣ መነጽሬን መልሼ እስካደርግ የለችም። አሁን አሁን ዓይኔ ነው እንዴ ለዚህ ነገር ማይሆነው ማለት ጀምሬያለሁ። የራሴን ልገዛ ስለሆነ መነጽር ምታደርጉ ሰዎች ምን አይታችሁ ነው ምትመርጡት? ማጉያው ከፍ ያለ ይሻለኛል? ወይስ ማውለቁን ልልመደው?

ክንፈ_ወፍ
እህቴ ዓይንሽ ምንም አልሆነም፣ እኔም ሃያ ዓመት መነጽር ያደረግኩ ሰው ነኝና ያልሽው ነገር በደንብ ይገባኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃኑ በዓይን በኩል ካለው ሌንስ ወጥቶ ትንሽ ርቆ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ትንሽ ክብ ይሰራል፣ የዓይንሽ ብሌን ልክ እዛች ቦታ ላይ ሲቀመጥ ነው ሙሉው ምስል ሚታይሽ። ከሌንሱ እስከዛች ቦታ ያለው ርቀት አይ ሪሊፍ ይባላል፣ በሚሊሜትር ነው ሚጻፈው። መነጽር ማያደርግ ሰው ዓይኑን አስጠግቶ ቦታውን ያገኘዋል፣ አንቺ ግን መነጽርሽ መሀል ስለሚገባ ወደኋላ ቀርተሽ ነው ምታዪው። በቁልፍ ቀዳዳ ወደ ቤት ውስጥ እንደማየት አስቢው፣ ዓይንሽን ቀዳዳው ላይ ስትለጥፊ ክፍሉ በሙሉ ይታይሻል፣ አንድ ጣት ያህል ስትርቂ የሚታየው ግድግዳው ላይ ያለች አንድ ነገር ብቻ ነው።

ኪስ ባይኖኩላሮች አብዛኞቹ ይሄ ርቀት አጭር ነው፣ 10 ምናምን ሚሊሜትር። ለመነጽር ከ15 በታች የተጻፈበትን ባታዪው ነው ሚሻለው፣ 17 18 ከዛም በላይ ፈልጊ። ማጉያውን በተመለከተ (10×25 ሲል 10 ማጉያው ነው፣ 25 ደግሞ የፊተኛው ትልቁ ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር) ከ8 አትለፊ፣ ምክንያቱን ሌሎቹም ይነግሩሻል። ደግሞ ልጠይቅሽ፣ ስታዪበት ዓይን ላይ ሚያርፈው ጎማ ታጥፎ ነበር ወይስ ቆሞ?

ባለመነጽሯ
እንዴ ጎማው ይታጠፋል? ማንም አልነገረኝም። አሁን ሄጄ ሞከርኩት፣ ወደ ውጭ ተገልብጦ ታጠፈ። ክቡ ሰፋ! ሙሉ አይደለም ጠርዙ አሁንም የተቆረጠ ነው ግን ከበፊቱ በጣም ይሻላል። እግዜር ይስጥልኝ ክንፈ።

ክንፈ_ወፍ
አዎ ብዙ ሰው እዛች ላይ ነው ሚሸወደው። መነጽር ካደረግሽ ጎማው ሁሌ ታች ነው። ካወለቅሽ ሁሌ ላይ። አዲሶቹ ላይ ሚታጠፍ ሳይሆን እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተጠመዘዘ ከፍ ዝቅ ሚል ነው፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ሚታጠፈው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል።

ዝምታ24
እኔ ግን አውልቂው ባይ ነኝ። ማይነስ 3 ነኝ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ነው ማየው፣ ፎከሱ ራሱ ያስተካክልልኛል፣ አይ ሪሊፍ ምናምን ሚባል ነገር አያሳስበኝም፣ ደስ ያለኝን ባይኖኩላር ነው ምይዘው። ዓይኔ ጎማው ውስጥ ግጥም ስለሚል ከጎን ብርሃን አይገባም፣ እጄም አይንቀጠቀጥም። ቅርብ ብቻ ሚታያቸው ሰዎች ባይኖኩላር ውስጥ መነጽር አያስፈልጋቸውም፣ ፎከሷን ትንሽ ማዞር ነው።

የማታ_ኮከብ
@ዝምታ24 ላንተ ይሰራል፣ ለሁሉም ግን አይሰራም። ፎከስ ማስተካከል ሚችለው የማይነስና የፕላስ ቁጥርን ነው። አስቲግማቲዝምን አያስተካክልም፣ ምክንያቱም አስቲግማቲዝም ማለት ዓይኑ በአንድ አቅጣጫ የተለየ በሌላ አቅጣጫ የተለየ ጉልበት አለው ማለት ነው፣ አንዱን ስታጠራ ሌላው ይደበዝዛል፣ የፎከስ መዞሪያው ደግሞ ሁለቱንም እኩል ነው ሚያንቀሳቅሰው። እኔ ባይኖኩላር ምጠቀመው ማታ ኮከብ ለማየት ነው፣ አስቲግማቲዝሜ ከ2 በላይ ነው፣ መነጽሬን ካወለቅኩ እያንዳንዱ ኮከብ እንደ ትንሽ መስቀል ይበተንብኛል፣ ሳደርግ ደግሞ ጥርት ያለች ነጥብ ናት። ይሄን ልዩነት አንድ ጊዜ ያየ ሰው መልሶ አያወልቅም።

ባለመነጽሯ ትንሽ ነው ካልሽ ግን ቀን ቀን ላያስቸግርሽ ይችላል። በደማቅ ብርሃን የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ብርሃኑ በዓይን መሀል ብቻ ነው ሚያልፈው፣ ጉድለቱ አይጎላም። ማታ ብሌን ሲሰፋ ነው ሚብሰው። ስለዚህ ጠዋት አውልቀሽ ደህና ነው ብለሽ ወስነሽ አመሻሽ ላይ ለምን ደበዘዘብኝ እንዳትዪ።

ዝምታ24
እሺ አስቲግማቲዝሙን ተቀብያለሁ፣ እኔ ስለሌለብኝ አላሰብኩትም። ማይነሱ ላይ ግን አሁንም እዛው ነኝ።

ሐይቅ_ዳር
እኔ ማይነስ 8 ነኝ ወንድሜ፣ ሞክሬው ነበር። ፎከሱ መጨረሻው ድረስ ዞሮ ቀጥ አለና ሩቁ ተራራ ሳይጠራ ቀረ። ባይኖኩላር ሩቅ ያለውን ነገር ለጤነኛ ዓይን አጥርቶ ካሳየ በኋላ የፎከስ መዞሪያው ትንሽ ትርፍ ዙር አለው፣ ያ ትርፍ ነው ለኛ ሚጠቅመን፣ ግን የአንዱ ብዙ ነው የሌላው ትንሽ። ስለዚህ አውልቄ ነው ምጠቀመው ያለ ሰው ከመግዛቱ በፊት መነጽሩን አውልቆ በጣም ሩቅ ያለ ነገር ላይ፣ የሰማይ ጠርዝ ላይ በለው፣ ፎከሱ ከመጨረሻው በፊት መጥራቱን ያረጋግጥ። ቅርብ ያለ ግድግዳ ላይ መሞከር አያሳይህም።

ደግሞ ዋናው ነገር እህታችን ራሷ የጻፈችው ነው እኮ፣ ወፍ ሚፈለገው በባዶ ዓይን ነው። ዓይንህ ወፉ ላይ ተተክሎ ሳታነቃንቀው ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንህ ታመጣዋለህ፣ ወፉ መሀል ላይ ይሆናል። መነጽር ማውለቅ መሀል ከገባ ያ ሁሉ ተበላሸ። እኔ በማይነስ 8 መነጽሬን ካወለቅኩ ወፉ ብቻ አይደለም ዛፉም የለም።

አባ_ኮረብታ
ልጆቼ እኔም ልጠይቃችሁ፣ ዕድሜዬ ስልሳ አልፏል፣ መነጽሬ ላዩ ለሩቅ ታቹ ለማንበብ የሆነው ነው፣ መስመር የሌለው። ባይኖኩላር ሳደርግ አንዳንዴ ጥርት ይላል አንዳንዴ ደግሞ ምንም ባላደርገው ይደበዝዝብኛል፣ ፎከሱን ሳሽከረክር ነው ምውለው። ለዚህ መፍትሔ አለው?

መነጽር_ሠሪው
አባባ አለው። ሥራዬ መነጽር ማዘጋጀት ስለሆነ ብዙ ሰው ይሄን ይጠይቀኛል። የእርስዎ መነጽር ፕሮግሬሲቭ ሚባለው ነው፣ ከላይ ወደታች ቁጥሩ ቀስ እያለ ይቀየራል። ባይኖኩላሩ ሌንሱ ላይ ሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ካለ በማንበቢያው በኩል ነው ሚያዩት፣ ከፍ ካለ በሩቁ በኩል፣ ስለዚህ ነው ጭንቅላትዎ በተነቃነቀ ቁጥር ፎከሱ ሚሸሽብዎ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ ባይኖኩላሩን ሲያነሱ አገጭዎን ትንሽ ወደ ደረትዎ ሳብ አድርገው በላይኛው ክፍል ማየት፣ ጥቂት ቀን ከለመዱት በራሱ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ለሩቅ ብቻ የሆነ አንድ ተራ መነጽር ማሠራት፣ ለሽርሽርና ለባይኖኩላር ብቻ ሚሆን። ከቻሉ ሁለተኛውን ይምረጡ፣ ምክንያቱም ፕሮግሬሲቭ ሌንስ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ምስሉን ትንሽ ያዛባል፣ ባይኖኩላር ውስጥ ደግሞ ዓይን ወደ ጎን ወደ ጎን ስለሚሄድ ይታያል።

ለባለመነጽሯ ደግሞ ሒሳቡን ላስቀምጥልሽ፣ ከዛ በኋላ በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ራስሽ ትፈርጂያለሽ። ከመነጽርሽ የውስጥ ገጽ እስከ ዓይንሽ ድረስ ብዙ ሰው ላይ ከ12 እስከ 14 ሚሊሜትር ነው። ሌንስሽ ማይነስ ስለሆነ መሀሉ ስስ ነው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ሚወፍረው ጠርዙ ነው። ብሌን ደግሞ ከዓይን የፊት ገጽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ 3 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። 12 እና 1.5 እና 3 ስትደምሪ 16.5 ነው። ይሄ መነጽርሽ የባይኖኩላሩ ሌንስ ላይ ልጥፍ ቢል ነው፣ ግን አይለጠፍም፣ ምክንያቱም ጎማው ታች ወርዶ እንኳን ጠርዙ ከሌንሱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። እንግዲህ 18 ተጽፎ ከዛ ላይ 3 ለጠርዙ ከሄደ ለአንቺ ሚተርፈው 15 ነው ማለት ነው።

በፕላስ ቁጥር መነጽር ሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ መሀሉ ወፍራም ስለሆነ ከሁላችንም በላይ ነው ርቀቱ ሚያስፈልጋቸው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ፍሬሙንም እዩት፣ አፍንጫ ላይ ሚያርፉት ትንንሽ ማረፊያዎች ሚስተካከሉ ከሆነ መነጽሩን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ዓይን አስጠግቶ መሥራት ይቻላል፣ ሽፋሽፍት እስካልነካ ድረስ። በራሳችሁ ግን አታጣምሙት፣ ለሠራችሁ ሰው ስጡት።

ባለመነጽሯ
ቆይ ስለዚህ 18 ያለውም አይበቃኝም ማለት ነው? ተስፋ ልቆርጥ ነው።

ክንፈ_ወፍ
አይ አይ ተስፋ አትቁረጪ። ከሚያስፈልገው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢጎድል ሚቀርብሽ የክቡ ጠርዝ ነው፣ መሀሉ እንዳለ አለ። አስር ሚሊሜትር ሲጎድል ነው ቧንቧ ሚሆነው።

ቁም ነገሩ ግን መነጽር ሠሪው ያለው ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከሌንሱ ገጽ ተነስቶ የተለካ ነው፣ ለኛ ሚያስፈልገን ከጎማው ጠርዝ ተነስቶ ያለው ነው፣ እሱን ደግሞ አብዛኛው አምራች አይጽፍም። ሁለት ባይኖኩላር እኩል 18 ተጽፎባቸው አንዱ ሙሉ ክብ ያሳያል አንዱ ይቆርጣል፣ ምክንያቱም የአንዱ ሌንስ ጉድጓድ ውስጥ ነው የተቀበረው። በዓይንሽ ታዪዋለሽ፣ ጎማውን አውርጂና በጎን በኩል አስተያዪ፣ ሌንሱ ወደ ጠርዙ ቀረብ ያለውን ምረጪ። ሌንሱ ራሱ ደግሞ ሰፋ ያለ ከሆነ፣ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ወይ ከዛ በላይ፣ ጥሩ ምልክት ነው፣ ትንሽ ሌንስ ያለው ሰፊ ምስል ከሩቅ ሊያሳይ አይችልም።

እቤትሽ መለካት ከፈለግሽ እኔ ማደርገውን ልንገርሽ። ጎማውን ታች አውርጂ፣ ሩቅ ላይ አጥሪው፣ ከዛ የባይኖኩላሩን ትልልቅ ሌንሶች ወደ ደማቅ መስኮት ወይ ወደ ደመናማ ሰማይ አዙሪ (ወደ ፀሐይ በፍጹም እንዳታደርጊ፣ በኋላ ደግሞ ስታዪበት ፀሐይ ላይ ማሳረፍ ዓይን ያጠፋል፣ የፀሐይ መነጽርም አያድንም)። ከኋላ በኩል፣ ዓይን ሚደረግበት ጋ፣ ነጭ ወረቀት ያዢ። ወረቀቱ ላይ ክብ ብርሃን ታያለሽ። ወረቀቱን አስጠጊ አርቂ ስትዪው ክቡ ትንሽና ጠርዙ ጥርት ያለ ሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፣ እዛ ላይ አቁሚና ከጎማው ጠርዝ እስከ ወረቀቱ ያለውን በማስመሪያ ለኪ። እሷ ናት ያንቺ ቁጥር። 15 ከሆነች ደስ ይበልሽ፣ 16 17 ከሆነች ምንም አይጎድልሽም።

ያቺ ክብ ራሷ ስፋቷ ሌላ ነገር ትነግርሻለች፣ 8×42 ላይ 42 ለ8 ስታካፍይ 5.25 ሚሊሜትር ነው፣ ያንቺ 25 ለ10 ደግሞ 2.5 ብቻ ናት። 2.5 ሚሊሜትር ክብ ውስጥ ብሌንን ማስገባት ለማንም ከባድ ነው፣ መነጽር ላደረገ ደግሞ ጎማው ቅንድቡ ላይ አርፎ ቦታ ስለማይዝለት ዓይኑ ትንሽ ስታ ስትል ይጨልማል። ስለዚህ ያቺ ባይኖኩላር ሁለት ጊዜ ነው ያስቸገረችሽ፣ ርቀቷም አጭር ክቧም ጠባብ።

ጎህ_ሲቀድ
ማጉያውን በተመለከተ ልጨምር። 10 ሲሆን ወፏ ትልቅ ሆና ትታያለች እውነት ነው፣ ግን የእጅሽ መንቀጥቀጥም አብሮ በ10 ይባዛል። መነጽር ማያደርግ ሰው ጎማውን ቅንድቡና ጉንጩ ላይ ጫን አድርጎ ያረጋጋዋል፣ እኛ መነጽር ላይ ጫን ካልን አፍንጫችን ያማል፣ ስለዚህ ይንሳፈፋል። በዛ ላይ ተመሳሳይ ሞዴል ውስጥ 10 የሆነው ብዙ ጊዜ አይ ሪሊፉም ያጥራል ሚታየው ቦታም ይጠባል። ለምሳሌ የኒኮን ሞናርክ ኤም5፣ 8×42 የሆነው 19.5 ሚሊሜትር ነው፣ 10×42 የሆነው 18.4። ሚታየው ስፋት ደግሞ 1000 ሜትር ላይ የመጀመሪያው 112 ሜትር ሁለተኛው 98 ሜትር ነው።

ሐይቅ_ዳር
እዚህ ላይ ግን አንድ ሐቅ መነገር አለበት፣ አይ ሪሊፍ ረጅም መሆኑ ብቻውን ጥሩ አይደለም፣ ሚከፈልበት ነገር አለ። ሰፊ እይታና ረጅም ርቀት አንድ ላይ ለመስጠት በዓይን በኩል ያሉት ሌንሶች መተለቅ አለባቸው፣ ያ ክብደትም ዋጋም ነው፣ ካልሆነ አምራቹ እይታውን ያጠበዋል። ጎህ የጠቀሰው ኤም5 112 ሜትር ነው፣ ስዋሮቭስኪ ኢኤል 8.5×42 ደግሞ አይ ሪሊፉ 20 ሆኖ 133 ሜትር ያሳያል፣ ማጉያው በለጥ ብሎ እንኳን፣ ግን ዋጋቸው አይገናኝም። እኔ በበኩሌ ጠበብ ያለ ሆኖ ሙሉውን ማየው ይሻለኛል፣ ሰፊ ተብሎ ግማሹ በመነጽሬ ከሚቆረጥብኝ።

ጎህ_ሲቀድ
በዚህ እስማማለሁ፣ የተጻፈው ስፋት ላንተ ሚታይህ ስፋት ካልሆነ ቁጥሩ ምንም አይሰራልህም።

ያያ_ጓዝ
ሰላም፣ ከርዕሱ ብዙ አልወጣም፣ ከአያቴ የቀረን አሮጌ ዛይስ 8×30 አለ፣ ላዩ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቢ ሚለው የላቲን ፊደል አለበት፣ እኔም መነጽር አደርጋለሁ የሚገርመው ከዘመኑ ሁሉ በላይ በሱ ነው ምቾት ማገኘው። ፊደሉ ምንድነው?

ክንፈ_ወፍ
ያያ ልክ ርዕሱ ላይ ነህ! ያቺ ፊደል በጀርመንኛ ብሪለ ከሚለው ቃል ነው የመጣችው፣ መነጽር ማለት ነው። ዛይስ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መነጽር ላይ ተደርጎ እንዲታይበት ብሎ የሠራቸው ላይ ነው ሚጽፋት። ከዛ በፊት የነበሩት አሮጌ 8×30 እና 7×35 ምናምን አብዛኞቹ መነጽር አውልቅ ነው ሚሉህ፣ ርቀታቸው አጭር ነበር። አሮጌ ዕቃ ሚገዛ ሰው ያቺን ፊደል ቢፈልግ ጥሩ ነው። ያንተን ጠብቀው፣ ሁለት ምስል ሆኖ እንዳይታይህ ብቻ እንዳይወድቅ ተጠንቀቅ፣ ውስጡ ያሉት ፕሪዝሞች ከቦታቸው ሸርተት ካሉ ራስ ምታት ያመጣል፣ ያን መነጽር አያስተካክለውም።

ባለመነጽሯ
ወረቀቱን ሞከርኩት!! ልክ እንዳልከው ክቡ ወረቀቱ ላይ መጣ፣ ትንሽዬ የብርሃን ነጥብ፣ ሳርቀው ሰፍቶ ደበዘዘ ሳስጠጋው ደግሞ እንደዛው። ጥርት ያለው ቦታ ከጎማው ጠርዝ 8 ሚሊሜትር ላይ ነው። ስምንት! እኔ ደግሞ 15 16 ምናምን ነው ሚያስፈልገኝ። እንግዲህ ዓይኔን ነው ስወቅስ የከረምኩት። ምን ያህል እንደቀለለኝ አልነግራችሁም።

አንድ ነገር ግን፣ ያ የቀኙ ዓይን ጋ ያለው ሚዞር ቀለበት ለምንድነው? ቁጥር የለውም ፕላስና ማይነስ ምልክት ብቻ። መነጽር ካደረግኩ ዜሮ ላይ ነው ሚሆነው?

መነጽር_ሠሪው
እሱ ዳዮፕተር ነው፣ የሁለቱን ዓይን ልዩነት ለማመጣጠን ነው። መነጽርሽ በቅርቡ የተለካ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ይሆናል፣ ግን ዝም ብለሽ ዜሮ ላይ አታስቀምጪው፣ ባይኖኩላሮች ራሳቸው ዜሯቸው ትክክል ላይሆን ይችላል። እንዲህ አድርጊ፣ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ወይ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ምረጪ። የቀኙን ትልቁን ሌንስ በእጅሽ ሸፍኚና ሁለቱም ዓይንሽ ተከፍቶ በመሀለኛው የፎከስ መዞሪያ ለግራ ዓይንሽ አጥሪ። ከዛ ግራውን ሸፍኚ፣ መሀለኛውን አትንኪ፣ ቀኙን በቀለበቱ አጥሪ። በቃ። አንዱን ዓይን ጨፍነሽ አታድርጊው፣ ሲጨፈን ሌላኛውም ይጨመደዳልና ልኩ ይሳሳታል። ምልክቱ የት እንደቆመ አስታውሺ ወይ ፎቶ አንሺው፣ ሰው ተውሶሽ ሲመልስ ሁሌ ዞሮ ነው ምታገኚው።

መነጽር አድርገሽ ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን በጣም ሄዶ ካልሆነ በቀር ካልጠራ ግን የዓይን ቁጥርሽ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ተመርመሪ።

አባ_ኮረብታ
መነጽር ሠሪው ተባረክ ልጄ፣ ዛሬ አገጬን ሳብ አድርጌ አየሁበት፣ አንድ ንስር ገደል ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ፎከሱን ሳልነካ አየሁት። የሩቁን መነጽርም አዝዣለሁ። ሌላ ያየሁት፣ ከጎን ሚገባው ብርሃን ያስቸግራል፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ስሰጥ በመነጽሬና በባይኖኩላሩ መሀል ገብቶ የራሴ ዓይን መልሶ ይታየኛል።

ጎህ_ሲቀድ
አባባ ሰፊ ጥላ ያለው ባርኔጣ ያድርጉ፣ ካልሆነ አውራ ጣትዎን ጉንጭዎ ላይ ሌባ ጣትዎን ግንባርዎ ላይ አድርገው መዳፍዎ ጎኑን ይከልለው፣ ይሄ አያያዝ መንቀጥቀጡንም ይቀንሳል። ፀሐይ ሲመታው ሚጠቁር ዓይነት ሌንስ ካደረጉ ደግሞ አመሻሽ ላይ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገቡ እስኪነጣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ጨለማ መስሎ ይታያልና።

ሐይቅ_ዳር
መነጽራችሁን ከጭረት ጠብቁ። ጎማው ላይ አሸዋ ወይ አቧራ ካለ በየቀኑ መነጽራችሁን ይሞርደዋል፣ የኔ መሀሉ ላይ ክብ ጭረት አለ፣ እንዴት እንደመጣ ለወራት አላወቅኩም ነበር። አሁን ከመውጣቴ በፊት ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። የባይኖኩላሩን ሌንስ ግን መጀመሪያ አቧራውን በመንፊያ ወይ በለስላሳ ብሩሽ አስወግዱ ከዛ ነው በመነጽር ጨርቅ፣ በሸሚዝ ጫፍ በፍጹም። ጎማ የሌለው ጠርዙ ብረት ወይ ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነ ባይኖኩላርም አትግዙ።

ባለመነጽሯ
ሰዎች ተመለስኩ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ ግን ገዛሁ። የሄድኩበት ቦታ መነጽሬን አድርጌ ወረቀትና ማስመሪያ ይዤ ነው፣ ሻጩ ግራ ቢገባውም ታገሰኝ። አራት ሞከርኩ። ሁለቱ 18 ነው ሚሉት፣ አንዱ ከጎማው ጠርዝ ስለካው 16 ወጣ ሌላው 13፣ ሌንሱ ጥልቅ ውስጥ ነው፣ ልክ ክንፈ እንዳለው። ባለ 13ቱ ሲያዩት ያምራል ቀለል ያለ ነበር፣ ሳይበት ግን ጠርዙ ተቆረጠ፣ ተውኩት። 10×42 ሞከርኩ፣ ሙሉ ክብ አሳየኝ ግን መንቀጥቀጡ አላስቻለኝም። ባለ 16ቱን 8×42 ወሰድኩ፣ መነጽሬን እንዳደረግኩ ክቡ በሙሉ ከጫፍ ጫፍ ጥቁር ጠርዙ ጥርት ብሎ ታየኝ፣ እዛው ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንድ ትንሽ ችግር አለ፣ ዓይኔን ትንሽ ሳንቀሳቅስ አንዳንዴ ባቄላ ሚመስል ጥቁር ጥላ መሀል ላይ ያልፋል። ጎማው ሙሉ በሙሉ ታች ነው።

ክንፈ_ወፍ
እንኳን ደስ ያለሽ! ባቄላው ተቃራኒው ነው፣ አሁን ዓይንሽ ከሚገባው በላይ ቀርቦ ነው። መነጽርሽ ለፊትሽ ቀረብ ያለ ነው ማለት ነው፣ እድለኛ ነሽ። ጎማውን አንድ ቃ እስኪል ብቻ ጠምዝዢው፣ አንድ ደረጃ ከፍ ይበል። ደረጃው ራሱን ካልያዘና እየተጫነ ሚወርድ ከሆነ ሰዎች ከጎማው ሥር የቧንቧ ማሸጊያ ቀጭን የጎማ ቀለበት ያስገባሉ፣ በፈለግሽው ከፍታ ላይ ያቆመዋል።

ባለመነጽሯ
ጠመዘዝኩት፣ ባቄላው ጠፋ፣ ክቡም አልተቆረጠም። ዛሬ ጠዋት በባዶ ዓይኔ ማለት በመነጽሬ ከዛፉ ጫፍ ላይ ቡናማ ነገር አየሁና ዓይኔን ሳልነቅል ባይኖኩላሩን አነሳሁ፣ እዛው መሀል ላይ ነበረች፣ ጭልፊት ናት፣ ቢጫ የዓይኗ ዙሪያ እንኳን ታየኝ፣ ወደ እኔ ዞራ አይታኝ ቆይታ ነው የሄደችው። የባልደረባዬን 10×25 መለስኩለት፣ ጎማውን አቁሜ።

ዝምታ24
ባለመነጽሯ ደስ ብሎኛል። ባንቺ ጥያቄ ሰበብ እኔም መነጽሬን አድርጌ በሰው 8×42 ሞከርኩ፣ ወፍ ለማግኘት ፈጠነልኝ፣ ልክ ነበራችሁ። ስንት ግራም ነው ያንቺ? አንገት ላይ ቀኑን ሙሉ ይከብዳል?

ባለመነጽሯ
700 ግራም አካባቢ ነው። በአንገት ማንጠልጠያው ከሰዓት ላይ ትከሻዬን ይዞኝ ነበር፣ አሁን በሁለቱም ትከሻ ሚያልፈውን ማሰሪያ አድርጌያለሁ ክብደቱ ጀርባ ላይ ይከፋፈላል፣ ደግሞ ስሮጥ አይወዛወዝም። ሞክረው።